ዶክተር ካስታኞል የቀናበት እግር

ይህን ታሪክ ስነግራችሁ አንዲት ነገር አልጨመርኩም፣ አንዲት ነገርም አልቀነስኩም። ከዋሸሁ ምላሴ እንደ ቆልማማ እግር ወደ ውስጥ ይታጠፍ፣ የሚያቃናልኝ ሐኪምም ልጣ። ያላመነኝ ሰው ሞንፔሊዬ ድረስ ይምጣና በቅዱስ ሮክ ሐውልት ፊት ያስምለኝ። ቅዱሱ እዚያው ቀሚሱን ገልቦ የቆሰለ ጭኑን እያሳየ ቆሟል፤ በእግር ጉዳይ እሱን ማታለል አይቻልም።

ዶክተር ባርተለሚ ካስታኞል የአጥንት ሐኪም ነበር። ያኔ፣ የፈረንሳይ ንጉሥ ጃንጥላውን ይዞ በእግሩ ይዞራል እየተባለ በሚወራበት ዘመን፣ እንዲህ ያለ ሐኪም ብርቅ ነው። እግሩ የተሰበረ ሰው ወጌሻ ጋ ይሄዳል፤ እግሩ ተቆልምሞ የተወለደ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ተቀምጦ ይለምናል፤ አለቀ። ካስታኞል ግን "የጎበጠ ችግኝ በእንጨት ተደግፎ ይቃና የለም እንዴ? ልጅ ከችግኝ በምን ያንሳል?" ብሎ ተነሳ። ከከተማው ቅጥር ውጪ፣ ከወይን እርሻዎቹ ዳር፣ ሰፊ ግቢ ገዝቶ የተቆለመመውንም የጎበጠውንም ልጅ ሰበሰበ። እግራቸውን በብረትና በቆዳ ጠፍር ያስራል፤ ጀርባቸውን በመወጠሪያ አልጋ ላይ ከራስና ከእግር ይስባል። ቀስ በቀስ ነው ታዲያ። ዓመት ይፈጃል፣ ሁለት ዓመት ይፈጃል። "ተፈጥሮን እንደ ሙሽራ ማባበል እንጂ እንደ በቅሎ መጎተት አይቻልም" እያለ ለወላጆች ያስረዳል። ወላጆችም በረጅሙ እየተነፈሱ ይመለሳሉ።

በዚያ ግቢ ማርኪዝ የምትባል አንዲት ነጭ ዝይ ነበረች። ከጫጩትነቷ ጀምሮ የሚያነክስ ልጅ ስትከተል አድጋ፣ የምትከተለውን ሰው አካሄድ መቅዳት ለመደች። በቀኝ የሚያነክስ ልጅ ፊቷ ካለ በቀኟ ታነክሳለች፤ በግራ የሚያነክስ ካለ በግራዋ። ልጅ ድኖ ሲሸኝ ካስታኞል በሩ ላይ ቆሞ የሚያየው ልጁን ሳይሆን ዝይዋን ነው ይባላል። ዝይዋ ካነከሰች፣ "ትንሽ ይቆይ" ብሎ ልጁን ያስመልሰዋል።

ካስታኞል ያገባው የራሱን ታካሚ ነው። ኡርሱል የበርሜል ነጋዴ ልጅ ነች፤ ቀኝ እግሯ ተቆልምሞ፣ የእግሯ መዳፍ ወደ ሰማይ እያየ ነበር የተወለደችው። ልጅ ሳለች አባቷ ተሸክሞ አመጣት። ካስታኞል በየማለዳው በገዛ እጁ እያሰረ፣ በየማለዳው ትንሽ ትንሽ እየሳበ፣ እግሯን ከግማሽ በላይ አዞረው። ከዚያ በላይ አልዞር አለ። እሱም "በቃ፣ ድነሻል" አላት። አድጋ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ አገባት። ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ እንግዳ ፊት፣ "ሚስቴን እዩአት፤ ሥራዬ ይህችው ነች" ይላል። እሷም ረጅም ቀሚሷን አድርጋ፣ ከፍ ያለ ጫማዋን አጥልቃ፣ ከውስጥ የእሱን ማሰሪያ አስራ፣ ወዝወዝ እያለች ቡና ታቀርባለች። እንግዳውም ጨዋ ስለሆነ "ድንቅ ነው!" ይላል።

ከሠርጋቸው ወዲህ ግን ካስታኞል ያንን እግር አይቶት አያውቅም። ቀኑን ሙሉ የሰው እግር ሲያገላብጥ የሚውል ሰው፣ የሚስቱን እግር ፈልጎ አያይም። ግማሽ የቀረ ሥራ ማየት ማን ይወዳል?

ኑሮው እንዲህ በደህና እየሄደ ሳለ ኦክታቭ ሬኒዬ የሚባል ወጣት ሐኪም ከፓሪስ መጣ።

ሬኒዬ የያዘው አንዲት ትንሽ ቢላ ብቻ ናት፤ ምላጯ ከስንዴ ጭድ አትወፍርም። ከተረከዝ በላይ ያለውን ቆዳ በጫፏ ይወጋና፣ ከቆዳው ሥር ገብቶ እግሩን ወደ ውስጥ የሚጎትተውን ጅማት ይበጥሳል። ጧ! ትላለች፤ ሌላ ምንም የለም። ደሙ ሁለት ጠብታ ነው። ከዚያ ያስራል፣ ሳምንታት ይጠብቃል፣ ልጁ ይነሳና ይሄዳል። መጀመሪያ ሕዝቡ "ጅማት በጠሰ! ይህ ሐኪም ነው ወይስ ሥጋ ሻጭ?" ብሎ ጮኸ። ከዚያ የዳቦ ጋጋሪዋ የማዳም ቡስኬ ልጅ ሲሮጥ ታየ።

ካስታኞል ማዳም ቡስኬን ገበያ ላይ አገኛት። ልጇ በእሱ ግቢ ሁለት ዓመት ታስሮ የነበረ ነው።

"ማዳም ቡስኬ፣ ልጅሽን ምነው ሰሞኑን አላመጣሽውም?"

"አይ ዶክተር፣ እሱማ ሮጦ ሄደ።"

"ወዴት?"

"እንጃ! መሮጥ ከጀመረ ወዲህ ወዴት እንደሚሄድ መቼ ይነግረኛል ብለው!" አለችና ዳቦዋን ታስተካክል ጀመር። "እርስዎንም እግዜር ይስጥዎ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ አስረው ስላቆዩልኝ ቢያንስ አልጠፋብኝም።"

የጎረቤት ዓሣ ሻጮች በሳቅ ፈረሱ። ካስታኞል ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ሄደ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅናት እንደ ቁንጫ ልብሱ ውስጥ ገባ። አንዱን ቦታ ሲያክ ሌላው ቦታ ይነክሰዋል። ቁርስ ላይ "ሬኒዬ ጢሙን በምን ይቀባዋል?" ይላል። ምሳ ላይ "በፓሪስ ሐኪም ሞልቶ ተርፎ ነው ትርፍራፊውን ለእኛ የላኩልን" ይላል። ሾርባውን ትቶ በሹካ ጠረጴዛው ላይ የቆልማማ እግር ሥዕል ይሥላል። ወደ ሆስፒታል የሚወስደውን አጭር መንገድ ትቶ በሬኒዬ በር በኩል ይዞራል፤ ተሸክመው የሚገቡትን ልጆች አይቶ ይበሳጫል፤ በእግራቸው የሚወጡትን አይቶ ይብስበታል።

"ዶክተር፣ ሾርባዎ ቀዘቀዘ" ትለዋለች ኡርሱል። ከልጅነቷ ጀምሮ "ዶክተር" እና "እርስዎ" እንዳለችው ነው፤ ጋብቻው አፏን አላስለወጣትም።

"ያ ሰውዬ ጅማት ይበጥሳል፣ ገባሽ? የተበጠሰ ጅማት መልሶ አይገጥምም! ነገ ተነገ ወዲያ እነዚያ ልጆች ሁሉ እንደ ጨርቅ አሻንጉሊት ይወድቃሉ፤ ቆይ ታያለሽ።"

"የቡስኬ ልጅ ግን ትናንት የቄሱን የበለስ ዛፍ ላይ ወጥቶ ነበር አሉ።"

"ይውረድ!" አለ ካስታኞል ጠረጴዛውን መትቶ።

ይህ የሥራ ቅናት ነው። አንድ ሰው በዚህ ብቻ ሊሞት ይችላል። ግን ሌላ ተጨመረበት።

ባለፈው የወይን ለቀማ ወቅት ኡርሱል "አባቴ ታመመ" ብላ ሉኔል ወደሚባለው የአባቷ ከተማ ሄዳ፣ ብርዱን ሁሉ እዚያው ከርማ በጸደይ ነበር የተመለሰችው። አንድ ቀን ካስታኞል አማቱን በርሜል ሲያስጭን አገኘው፤ ሰውዬው ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀልቶ፣ በርሜሉን ብቻውን ሽቅብ ይወረውራል።

"እንኳን ተሻለዎ" አለው ካስታኞል።

"ከምኑ?" አለ አማቱ።

አማቱም አፉን ከከፈተ በኋላ አንድ ነገር ትዝ ብሎት "እ... አዎ፣ አዎ፣ ሆዴን ነው፣ ክፉኛ" ብሎ ሆዱን ያዘ። የያዘው ግን ደረቱን ነበር።

በሚቀጥለው ሐሙስ ካስታኞል ቶሎ ወደ ቤት ተመለሰ። ሠራተኛዋ ቶኔት ወይራ ስትለቅም አገኛት።

"ቶኔት፣ ማዳም የት ሄደች?"

"አክስታቸው ጋ።"

"አክስቷ እኮ ሞታለች!"

"እንግዲያው መቃብራቸው ጋ ይሆናላ" አለች ቶኔት ቀና እንኳ ሳትል።

ወጥቶ ሄደ። መቃብር ሳይሆን እግሩ የለመደበት መንገድ ነው የወሰደው። ከሬኒዬ ቤት ማዶ ካለው የሻማ ሱቅ ውስጥ ቆመና ሻማ የሚመርጥ መሰለ። የጓሮው በር ተከፈተ። ሚስቱ ወጣች። ጉንጯ ቀልቷል፤ ሻርፗን ፊቷ ላይ እየሳበች ለብቻዋ ፈገግ ትላለች። ሬኒዬ በሩ ላይ ቆሞ እጇን ሳማት። ካስታኞል የያዛት ሻማ እጁ ውስጥ ለሁለት ተሰበረች።

ማናገር ፈለገና ተወው። ቀናተኛ ሰው መጀመሪያ መናገር አይፈልግም፤ መጀመሪያ ማየት ነው የሚፈልገው፣ ሰው የታመመ ጥርሱን በምላሱ እንደሚነካካ። ማየት ጀመረ። ጓዳ ገብቶ ጫማዎቿን ገለበጠ፤ የቀኙ ጫማ ሶል እንደ ግራው እኩል አልቋል። "ብዙ ትዞራለች ማለት ነው" አለ በልቡ። ልብስ ስታጥፍ የማያውቀውን ዜማ ታንጎራጉራለች። "እሱ ነው ያስተማራት" አለ። ሾርባ ይዛ ስትመጣ አንድ ቀን በቀኝ በማነከስ ፈንታ በግራ አነከሰች። "ሐሳቧ እሱ ጋ ስለሆነ የራሷን እግር እንኳ ረሳችው!" ብሎ ማንኪያውን ነከሰ።

አንድ ጠዋት ደግሞ በመስኮት ሲያይ ኡርሱል በግቢው የወይን ድጋፍ ሥር ብቻዋን ትሄዳለች። እሱ አካሄዷን ከማስተዋሉ በፊት ዘወር ብላ ከቅጠሉ ጀርባ ገባች፤ ማርኪዝ ግን በኋላዋ ታየች። ዝይዋ ደረቷን ነፍታ፣ አንገቷን ሰቅላ፣ እንደ ንግሥት ቀጥ ብላ ትራመዳለች። ካስታኞል እንዴት እንዳየው ትገምታላችሁ? ወደ ታች ሮጦ ወረደ፣ ዝይዋን ያዘ፣ እግሮቿን አገላብጦ መረመረ።

"ዝይዋ ምን ሆነች?" አለች ቶኔት።

"አታነክስም!"

"ታዲያ ይህ በሽታ ነው?"

"ለዚህች ዝይ በሽታ ነው!" አለ ካስታኞል። ለሳምንት ያህል ምግቧን እንድትቀይርላት አዘዘ። ፊት ለፊቱ ተሰቅሎ የሚጮኸውን ነገር አላየም። ቅናት ዓይን ይከፍታል የሚል ሰው ካለ ወደ እኔ ላኩት፤ ስለዚህች ዝይ እነግረዋለሁ።

በዚህ መሃል ትልቁ ነገር መጣ። በከተማው ሆስፒታል ውስጥ ለቆልማማ ልጆች ብቻ የሚሆን አንድ ክፍል ሊከፈት ነው ተባለ። ካስታኞል ይህን ክፍል ገና ጢሙ ሳያበቅል ጀምሮ ሲመኘው ኖሯል። ማን ኃላፊ እንደሚሆን የሚወስነው የከተማው የሐኪሞች ማኅበር ነው። የማኅበሩ ልማድ ደግሞ የታወቀ ነው፤ የአጥንት ሐኪም በአፉ አይታመንም። የታካሚው እግር ከሕክምናው በፊት በጀሶ ይቀረጻል፣ ከሕክምናውም በኋላ በጀሶ ይቀረጻል፤ ሁለቱ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ጀሶ አይዋሽም ይላሉ ሽማግሌዎቹ ሐኪሞች።

ካስታኞል የጀሶ እግር በመደርደሪያ ሞልቶታል። ሬኒዬ ግን አንድ ነገር ይዞ እንደሚቀርብ ወሬው ተናፈሰ። የልጅ አይደለም፤ ያደገች፣ አጥንቷ የጠና ሴት እግር ነው። ማንነቷን ላይናገር ቃል ገብቶላታል። እስከዚያ ቀን ድረስ ያደገ ሰው ቆልማማ እግር ቀጥ ይላል ያለ ሐኪም በአገሩ አልተሰማም።

ካስታኞል ይህን ሲሰማ ሳቀ። ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የሳቀው። "አለቀለት!" አላት ኡርሱልን። "ሁለቱ ጀሶ የአንድ ሰው አይደለም እላለሁ። የታመመ እግር ከአንዷ፣ ጤነኛ እግር ከሌላዋ ወስዶ ነው እላለሁ። ሴትየዋን አምጣ ይሉታል። አያመጣም! ቃል ገብቷላ! ውሸታም ተብሎ ሻንጣውን ይዞ ፓሪስ ይገባል።"

"እውነት ከሆነስ?" አለች ኡርሱል። እጇ ላይ ያለውን ሳህን አጥብቃ ይዛለች።

"ምኑ?"

"እግሩ። የአንድ ሰው ከሆነስ?"

"አይሆንም" አለ ካስታኞል። "የሚሆን ቢሆን እኔ አደርገው ነበር።"

እሷም ሳህኑን አስቀመጠችና ወደ ጓዳ ገባች። በቀኝ እያነከሰች።

የስብሰባው ዕለት የባሕሩ ነፋስ ይነፍስ ነበር፤ ሁሉም ካባቸውንም ባርኔጣቸውንም እየያዙ ገቡ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ዶክተር ጋልቲዬ ጆሮው የደነቆረ ሽማግሌ ነው፤ ሱረቱን በአፍንጫው እየሳበ ከመካከል ተቀመጠ። ካስታኞል የጀሶ እግሮቹን ደረደረ፣ ተናገረ፣ ተጨበጨበለት። ከዚያ ሬኒዬ ተነስቶ አንድ ጨርቅ ገለጠ። ሁለት የጀሶ እግር ብቻ።

የመጀመሪያው የታመመው ነው፤ ወደ ውስጥ የዞረ፣ ግማሹ የተቃና ግማሹ የቀረ። ካስታኞል ካለበት ወንበር ሆኖ አየውና ምላሱን መግታት አቃተው።

"ክቡራን፣ ይቅርታ! ይህን እግር ከዚህ በፊት የነካው ሰው ማነው? ሐኪም ነው ወይስ በሬ ጠማጅ?"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ጋልቲዬ "ምን አለ?" ብሎ ጎረቤቱን ጠየቀ፤ ጎረቤቱ በጆሮው ጮኸለት፤ እሱም ዘግይቶ ብቻውን ሳቀ።

ሬኒዬ ግን አልሳቀም። ፊቱ ቀላ። "የነኩት ሰው የሚቻላቸውን ሁሉ አድርገዋል" አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ሲወለድ ከነበረበት እዚህ ማድረሳቸው ትልቅ ሥራ ነው። እኔ የጨረስኩት እሳቸው የጀመሩትን ነው።"

"አመሰግናለሁ ይበላ በሬ ጠማጁ!" አለ ካስታኞልና እንደገና አሳቃቸው። "አሁን ግን ልጠይቅ። ይህ የታመመው እግርና ያ የዳነው እግር የአንድ ሰው መሆኑን በምን እንወቅ?"

"ይምጡና ይንኩት" አለ ሬኒዬ።

ካስታኞል የሚፈልገው ይህንኑ ነበር። ደረቱን ነፍቶ ወጣ። የታመመውን እግር በሁለት እጁ አነሳው። ጀሶው ይቀዘቅዛል። አውራ ጣቱ፣ ራሱ ሳያዝዘው፣ ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ሥር ተንሸራተተና አንዲት ትንሽ ስርጉድ ቦታ ውስጥ ገባ። ልክ ገባ። እዚያው ቆመ።

የማሰሪያ ዘለበት የተጫነው ቦታ ነው። ሌላው የአጥንት ሐኪም ሁሉ ዘለበቱን ወደ ውጪ ነው የሚያደርገው። ልጆች በድብቅ እየፈቱ ሲያስቸግሩት፣ ከማይደርሱበት ከውስጥ በኩል ያደረገው እሱ ብቻ ነው፤ ልጆቹ እዚያም እንደሚደርሱና ዘለበቱ አጥንት ላይ ምልክት እንደሚተው ያወቀው ከዓመታት በኋላ ነበር። ከዚያ ትንሿን የእግር ጣት አየ፤ በጎረቤቷ ላይ ወጥታ እንደ ድመት ተኝታለች። በየማለዳው አውርዶ ያስተኛት የነበረችው ጣት። እሱ ዞር ሲል ተመልሳ የምትወጣው።

የዳነውን እግር አነሳ። ያው ስርጉድ። ያቺው ጣት። እግሩ ግን ቀጥ ብሏል፤ መዳፉ እንደ ዳቦ ጋጋሪ ሰሌዳ ምድር ላይ ልጥፍ ይላል።

መጀመሪያ ልቡ በደስታ ዘለለች፤ "ውሽማዋ አይደለም! ሐኪሟ እንጂ!" ከዚያ ልቡ ከዘለለችበት ስትመለስ ከበፊቱ የባሰ ቦታ ላይ አረፈች። ውሽማ ቢሆን ይሻል ነበር። ውሽማ ሰው ያባርራል፣ ይሳደባል፣ በዱላ ይከተላል። ይህ ግን ካስታኞል ዕድሜውን ሙሉ እየሳበ ያልጨረሰውን እግር በጧ! ጨርሶታል። እንዲያው ደግሞ እሷ ወደ እሱ ሄዳለች። በእግሯ። በዚያ በተወላገደው እግሯ።

ቀና ሲል ሬኒዬ በቀጥታ እያየው ነው። ካስታኞል ያን ጊዜ ገባው፤ ሰውዬው የማን ሚስት እንደሆነች ያውቃል፤ ካስታኞል "የሁለት ሰው እግር ነው" ቢል አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ሻንጣውን ይሸክማል እንጂ ስሟን አያወጣም። አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነች የቀረችው። አፉ ውስጥ ተዘጋጅታ አለች፤ ሳምንቱን ሙሉ ሲያኝካት ነው የሰነበተው።

ካስታኞል ውሸታም ሊያሰኘው ያሰበውን ሰው ጢም አየ። ያንን ጢም እንዴት እንደሚጠላው! ከዚያ አውራ ጣቱ አሁንም ስርጉዷ ውስጥ እንዳለች አስተዋለ።

"አንድ እግር ነው" አለ።

"ምን አለ?" አለ ጋልቲዬ።

"አንድ እግር ነው አልኩ! የአንድ ሰው ነው!"

"በምን ያውቃሉ?" ብሎ ሌላ ሐኪም ከኋላ ጠየቀ።

"የዘለበቱን ምልክት አውቀዋለሁ። በሬ ጠማጁ እኔ ነኝ።"

ማንም አልሳቀም። ጋልቲዬ እንኳ ያለወትሮው ይህን ሰምቶ ሱረቱን በአየር ላይ ይዞ ቀረ። "ታዲያ ሴትየዋ ማን ነች?" ሲባል ካስታኞል ባርኔጣውን እያነሳ፣ "እሱን አልናገርም። ታካሚዬ ነበረች" አለና ወጣ። ድምፅ ሲሰጥ አልጠበቀም። የልጆቹ ክፍል ለሬኒዬ እንደተሰጠ ያወቀው ገና መንገድ ላይ ሳለ ከኋላው ከሚመጣው ጭብጨባ ነው።

ቤቱ ሲደርስ ኡርሱል ደረጃው ላይ ነበረች። ድምፁን ስትሰማ ወዝወዝ እያለች መውረድ ጀመረች። ካስታኞል ከታች ቆሞ ተመለከታት።

"ዛሬ በየትኛው እግርሽ ነው የምታነክሺው?" አላት።

ቆመች። እጇ የደረጃውን ድጋፍ ያዘ። ጓዳ ያለችው ቶኔት ድስት ማማሰሏን አቆመች።

"በቀኝ" አለች ኡርሱል ቀስ ብላ። "ሰኞ በግራ ሆኖብኝ ነበር። አይተው ነበር?"

"አይቻለሁ። ለምን?"

"ይረሳኛላ! እርስዎ ከመጡ አነክሳለሁ፣ ከወጡ አላነክስም፤ አንዳንዴ ይምታታብኛል። እርስዎ ደግሞ ድመት ሆነዋል፤ ኮቴዎ አይሰማም።"

"ለምን ታነክሻለሽ ነው የምልሽ!"

"ምን ላድርግ ታዲያ?" አለች፤ ድምፅዋ ከፍ አለ። "ለከተማው ሁሉ 'ሚስቴን አቅንቻታለሁ፣ እዩአት' እያሉ ኖረዋል። በድንገት ቀጥ ብዬ ብወጣ፣ 'እስከ ዛሬ ድረስ ምን ነበረች?' አይሉም?"

ካስታኞል ወደ ደረጃው ቀረበ።

"እና ሄደሽ ለእሱ ሰጠሽው። እግርሽን። እሱ ያዘው።"

"ያዘው።"

"በእጁ።"

"በቢላ" አለች ኡርሱል። "ብርዱን ሁሉ አባቴ ቤት የከረምኩት ታስሬ ነው። አንተ ግን ይህን እግር ካየኸው ስንት ጊዜ ሆነህ? ተናገር እስቲ። ከሠርጋችን ወዲህ አንድ ቀን ጫማዬን አውልቂ ብለኸኝ ታውቃለህ?" በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ "አንተ" አለችው፤ ሁለቱም ግን አላስተዋሉም። "ልጅ ሳለሁ በየማለዳው እግሬን እጅህ ውስጥ ይዘህ ታወራኝ ነበር። ካገባኸኝ በኋላ ዘለበቱን ለእኔ ለቀቅህልኝ።"

ደረጃው ላይ ተቀመጠች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ ማሰሪያውን ፈታች። ማሰሪያው ባዶውን ነበር፤ ምንም የሚይዘው ነገር የለም፤ ለወግ ያህል ነው የሚታሰረው። ካስታኞል በጉልበቱ ተንበረከከ። እግሯን ያዘ። ሞቃት ነው፤ እንደ ጀሶው አይቀዘቅዝም። ወደ ላይ አጠፈው፣ ወደ ታች ዘረጋው፣ ከተረከዙ በላይ ያለችውን የሰሊጥ ፍሬ የምታህል ጠባሳ ፈለጋት። ብዙ ፈለጋት። በመጨረሻ አገኛት።

"እዚህች ብቻ ነው የገባው?"

"እዚህች ብቻ።"

"እርጉም!" አለ ካስታኞል ጠባሳዋን በጥፍሩ እየዳበሰ። "እርጉም ሰው! እንዴት አሳምሮ ቆረጠው!"

ቶኔት ከጓዳ ሆና፣ "እኔ ከጸደይ ጀምሮ ነው የማውቀው። ዝይዋም ታውቃለች" አለች።

የቅዱስ ሮክ በዓል ሲደርስ ሐውልቱ በከተማው ዞረ፣ ዳቦ ተባረከ፣ በአደባባዩ ከዛፎቹ ሥር ዋሽንትና ከበሮ ተጀመረ። ኡርሱል ያለ ማሰሪያ፣ ቁርጭምጭሚቷን የሚያሳይ አጠር ያለ ቀሚስ ለብሳ መጣች። ሕዝቡ በየጥጉ እየተንሾካሾከ ዓይኑን ከእግሯ ወደ ካስታኞል፣ ከካስታኞል ወደ ሬኒዬ ያመላልስ ጀመር። ማዳም ቡስኬ ዓሣ ሻጯን በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። ካስታኞል መጨፈር አያውቅም፤ ዕድሜ ልኩን ሁለት ጤነኛ እግር ይዞ አንድ ቀን ጨፍሮ አያውቅም። ስለዚህ ሬኒዬ መጥቶ ጎንበስ አለና፣ "ዶክተር፣ ከፈቀዱልኝ" ሲል፣ ኡርሱልም ባሏን አየች።

"ሂጂ" አለ ካስታኞል።

ተነሳች፤ ጨፈረች። በቀኟ ትዞራለች፣ በግራዋ ትመታለች፣ ቀሚሷ እንደ ደወል ይከፈታል። ማርኪዝም ከግቢ ተከትላቸው መጥታ በጨፋሪዎቹ መሃል ክንፏን ዘርግታ ተሽከረከረች። ካስታኞልም ከዛፉ ሥር ቆሞ ይህን እያየ ፈገግ አለ።

እንግዲህ ታሪኩ ይኸው ነው። ምላሴም እንዳያችሁት ቀጥ እንዳለ ነው። አንዲት ነገር ብቻ፣ ቅዱሱ ስለሚያየኝ፣ ከራሴ ጨምሬያለሁ። ዝይዋ ነች ብላችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል፤ ዝይዋ እንደ ፀሐይ እውነት ናት። የጨመርኩት ፈገግታውን ነው። ካስታኞል ፈገግ አላለም። ከዛፉ ሥር ቆሞ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ዓይኑን ከቀኝ እግሯ ላይ ሳይነቅል ነበር ጭፈራውን የጨረሰው። በማግስቱ ማለዳ ቶኔትን ወደ ሥጋ ሻጩ ልኮ የበግ እግሮች አስገዛ፣ ክፍሉ ገብቶ በሩን ቆለፈ፣ አለ ከተባለው ሁሉ ቀጭኑን ቢላ መርጦ ተቀመጠ። ቶኔት ጆሮዋን በሩ ላይ ለጥፋ ስታዳምጥ፣ ከውስጥ "ጧ!" የሚል ድምፅ ሰማች፤ ከዚያ ስድብ፤ ከዚያ እንደገና "ጧ!"።